ብሎን የሌለው ኬብል

ደሳለች ሰው አታምንም። ይህን የምለው ስሟን ላጠፋ አይደለም፤ ራሷም ትነግራችኋለች፣ ለዚያውም ሳትጠይቋት። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አለ ስንጥር» ትላለች። ገንፎ ያቀረቡላት እንደሆነ ደግሞ ቅቤውን ገለጥ፣ መሃሉን ነካ ነካ አድርጋ ሳታይ አትጎርስም። አራስ ልትጠይቅ ሄዳ እንኳ እንዲህ አድርጋለች፤ አራሷ እስከ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች።

ጉለሌ፣ ከክፍለ ከተማው ቢሮ ወረድ ብሎ፣ በልብስ ሰፊና በምስማር ነጋዴ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ አለቻት። በሩ ላይ «ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ እንጽፋለን፤ ኮፒ እናደርጋለን» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ጣቷ ፊደል የለመደው በታይፕራይተር ስለሆነ፣ ዛሬም የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ስትመታው በመንገድ የሚያልፍ ሰው ውስጥ ግድግዳ የሚፈርስ ይመስለዋል።

በኮምፒውተር ነገር መጠርጠር የጀመረችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዓመታት በፊት ማሽኗ ተበላሽቶ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠችው። ሲመለስላት ከበፊቱ ብሶ ያዘግማል። ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው ውስጡ የነበረው ራም የሚባለው የማስታወሻ ክፍል ወጥቶ በምትኩ ግማሹን የማይሞላ ተተክቶበታል። ጠጋኙ የገባበት ጠፋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ደሳለች ከዚያን ቀን ወዲህ የራሷን ማኅተም ፈለሰፈች፤ ቀይ የጥፍር ቀለም። ዕድሜዋን ሙሉ ጥፍሯን ቀብታ የማታውቅ ሴት፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት ጸሐፊ፣ በየጊዜው እየሄደች ቀይ የጥፍር ቀለም ትገዛለች። ባለሱቁ መጀመሪያ ሰሞን በሐሳቡ ብዙ ነገር ብሏል። እሷ ግን ሱቋ ውስጥ ያለውን ብሎን ሁሉ እየዞረች ራሱ ላይ ታንጠባጥብበታለች። ብሎኑን የፈታ ሰው ቀለሙን ሳይሰነጥቅ አይፈታውም። ጠዋት በሯን ስትከፍት መጀመሪያ ትጸልያለች፤ ቀጥላ ቀይ ጠብታዎቿን እየዞረች ትመረምራለች።

አብራት የምትሠራው ሮሐ ትባላለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ሁለቱ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ደሳለች በራሷ ኮምፒውተር ትጽፍና ጽሑፉን በፍላሽ ታቀብላታለች፤ ማተሚያው የተያያዘው ከሮሐ ኮምፒውተር ጋር ስለሆነ ሮሐ ከፍታ ታትመዋለች። ደሳለች የምትቀመጠው ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ነው። ስክሪኗን ከእሷ በቀር ያየው የለም። «የሰው ምስጢር ነው የምጽፈው» ትላለች፤ እውነት ነው፣ ግን ነገሩ ሁሉ የሰው ምስጢር ብቻም አልነበረም።

አምና በጳጉሜ፣ ዓመት ሊለወጥ ሲል፣ እንደ ልማዷ ሱቋን አጥባ ማሽኖቿን አራገፈች። ስክሪኗን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ነቅላ ጫፉን በጥርስ ብሩሽ ጠረገችው። ጫፉ ሰማያዊ፣ ግራና ቀኙ በሁለት ብሎን የሚጠብቅ፣ የድሮው ዓይነት ኬብል ነው። ደሳለች ይህን ኬብል የምትወደው በብሎኖቹ ነው። በዚያ ቀን ግን የጥርጣሬዋ መጠን ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ብሎኖቹ አልበቋትም፤ የኬብሉን አፍ ዙሪያውን ቀይ ቀለም ለቀለቀችና ሳይደርቅ ገጠመችው። «አሁን ማን እንደሚነካህ አያለሁ» አለችው ኬብሉን።

አዲሱ ዓመት ከገባ ሳምንት ሳይሞላው ፊደሎቹ ጥላ አወጡ። በእያንዳንዱ ፊደል ቀኝ አንድ ደብዛዛ ሌላ ፊደል ይከተላል። ነጩ ገጽ ወደ ቢጫ ሄደ። አንዳንዴ መስመሩ ሁሉ እንደ በረደው ሰው ይንቀጠቀጣል። ደሳለች መነጽሯን ጠረገች፤ እንደዚያው ነው። መነጽሯን ቀየረች፤ እንደዚያው ነው።

ማንም ሰው ቢሆን «ስክሪኑ ተበላሽቷል» ይላል። ደሳለችም ማሽኑን ሳትጠረጥር አልቀረችም፤ ወዲያው ተነሥታ ኬብሉን አየችው። ቀይ ማኅተሟ እንዳለ ነው፤ አልተሰነጠቀም፣ አልተፋቀም። ማንም አልነካውም ማለት ነው። ማንም ያልነካው ነገር ደግሞ በእሷ ሕግ አይበላሽም። እንግዲህ የቀረው ዓይኗ ነው።

ይህን ባሰበች ጊዜ እናቷ ትዝ አሏት። ዓይናቸው መድከም የጀመረው ልክ በእሷ ዕድሜ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ሲጀምራቸው «አምፖሉ ዙሪያ ቀለበት ይታየኛል» ይሉ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ እያዩ፣ ብርሃን ያለበት ነገር ብቻ ነበር ያስቸገራቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጃቸውን በድምፅዋ የሚለዩ ሆኑ። ደሳለችም ወረቀት ስታነብ ደህና ነች፤ የሚደበዝዝባት የሚያበራው ስክሪን ነው። ቀለበቱ መጣ አለች በልቧ።

ለማንም አልተናገረችም። ለባሏ ለግዛቸው እንኳ አልተናገረችም፤ እሱ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፣ ቤቱ የሚቆመው በእሷ ጣት ነው። ሐኪም ቤትም አልሄደችም። ሐኪሙ አዎ ቢላትስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲሉ ሰምታለች፤ ስለዚህ ጭራሽ ባይጠራ ይሻላል ብላ ዝም አለች። ፊደሉን አተለቀችው፣ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፣ ጣቷን አምና መጻፏን ቀጠለች። ሮሐ አትማ የምትሰጣት ወረቀት ሁሉ ደግሞ ንጹሕ ነው። «ጣቴ አልከዳኝም» እያለች ተጽናናች።

አንድ ቀን ሮሐ ስትጠርግ ቆይታ ቀና አለች።

«እትዬ፣ የእርስዎ ስክሪን ከኋላው ሁለት መግቢያ አለው። አሁን የሰኩት ሰማያዊው ነው፤ ቪጂኤ። አጠገቡ ዲጂታሉ አለ። አሽረፍን ጠይቄው ነበር፤ በዲጂታሉ ፊደሉ ይጠራል፣ ለዓይንም ይቀላል አለኝ።»

የደሳለች ጣት ኪቦርዱ ላይ ቀረ። «የማን ዓይን ነው የከበደው?»

«ኧረ እንዲሁ ነው። እ... ማለቴ የእኔ በዚያ ስለሆነ ነው።»

አሽረፍ ከመንገዱ ማዶ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው። ደሳለች ሮሐን አስቀምጣ ራሷ ሄደች፤ ምን እንደተባባሉ ልታወጣጣ። እሱ ከሰው ስልክ ላይ ቀና ብሎ በትሕትና አስረዳት።

«ሰማያዊው አናሎግ ነው እትዬ። መልእክት በሰው አፍ እንደ መላክ ይበሉት። መንገድ ላይ ይደክማል፣ ይጨመርበታል፣ ይቀነስበታል። ኬብሉ ትንሽ ከታመመ ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ግን አይጠፋም፤ ስለዚህ ሰው መታመሙን አያውቅም። ዲጂታሉ እንደ ታሸገ ደብዳቤ ነው። ከደረሰ እንደተጻፈው ይደርሳል፤ ካልደረሰ በቃ አልደረሰም።»

ደብዳቤ ሲባል ልቧ ትንሽ አዘነበለ። «እስቲ አሳየኝ» አለችው። ጠፍጣፋውን ጫፍ ሰጣት፤ እያገላበጠች አየችው።

«ብሎኑስ?»

«ብሎን የለውም። እንዲሁ ይሰካል።»

«እንዲሁም ይነቀላላ።»

«ማን ይነቅልብዎታል እትዬ?»

ጫፉን መለሰችለት። ብሎን የሌለው ነገር ማኅተም አይይዝም፤ ማኅተም የማያስይዝ ነገር ለምን ተፈለገ? ይህን እያብሰለሰለች ተመለሰች።

በሳምንቱ ሮሐ ከእንጦጦ ማርያም ስትመጣ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ገባች። በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረችው። «ጸበል ነው እትዬ። እርስዎ እንደማይጠቀሙ አውቃለሁ፤ ግን ለዓይን ይላሉ፤ ካልፈለጉት እናቴ ትወስደዋለች።»

ደሳለች ጠርሙሱን አልነካችውም። ጸበሉ አይደለም ያስደነገጣት። ለማንም ያልተናገረችውን ይህች ልጅ ከየት አወቀችው? ካወቀችስ ለማን ነገረች? አሽረፍ «ለዓይን ይቀላል» ያለው ለካ ዝም ብሎ አይደለም። ነገር አንዴ መጠምዘዝ ከጀመረ አይቆምም፤ ያን ዕለት ከሰዓት ፍላሹን ከሮሐ ተቀብላ ሰካችና፣ እስከ ዛሬ አይታው የማታውቀውን፣ ጽሑፉ መጨረሻ የተነካበትን ሰዓት ልብ ብላ አየች። ለሮሐ የሰጠቻት ጽሑፍ ከሰጠቻት በኋላ ተነካክቷል። የትናንቱም ተነካክቷል። የዚያ ሳምንቱ ሁሉ ተነካክቷል።

እንግዲህ ደሳለችን የምታውቋት ከሆነ ቀጥሎ በጭንቅላቷ የሆነውን መገመት አይቸግራችሁም። ልጅቷ ውሎቿን እየገለበጠች ነው። ከአሽረፍ ጋር ሱቅ ልትከፍት ነው። «አሮጊቷ ታወረች» ብለው ደንበኛውን ሊወስዱ ነው፤ ብሎን የሌለው ኬብል ደግሞ በፈለጉ ጊዜ ማሽኗን ነቅለው የሚያወጡበት መላ ነው። አንዱ ከአንዱ ጋር እንዲህ ሲገጥም ለእሷ ከወንጌል የማይተናነስ እውነት ሆነ።

«ሮሐ፣ ጽሑፎቼን የምትነካኪው ለምንድን ነው?»

ሮሐ ደሟ ፊቷ ላይ መጣ። «ሳትም... አንዳንዴ ትንሽ...»

«ትንሽ ምን?»

ሮሐ ልትናገር አፏን ከፈተችና የደሳለችን መነጽር አየች፤ መልሳ ዘጋችው።

«አሽረፍ ምን ቃል ገባልሽ?»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው እትዬ፣ ምንም ክፉ አላሰብኩም።»

ይህ መሐላ በአፋችን ላይ ያለ ነው፤ በቀን አሥሬ እንለዋለን። ያን ቀን ግን ደሳለችን እንደ ጅራፍ ገረፋት። እያወቀች በዓይን ትምልብኛለች ብላ አሰበች። «ቁልፉን አስቀምጪና ሂጂ» አለቻት። ሮሐ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠርሙሱ አጠገብ አኖረች። ሹራቧን ከምስማሩ አውርዳ፣ «ደህና ይሁኑ እትዬ» ብላ ወጣች። ጠርሙሱን አልወሰደችውም።

ሦስት ቀን ደሳለች ብቻዋን ሠራች። ጽፋ፣ ፍላሹን የሮሐ ማሽን ላይ ሰክታ፣ ቆም እንዳለች ማተሚያውን ታዛለች፤ ስክሪኑን ገርመም ከማድረግ በቀር ፊደሉን አታይም። ማየት ፈርታለች። ያኛውም ስክሪን ጥላ ካወጣባት ነገሩ አበቃ ማለት ነው። የሚወጣውንም ወረቀት አጣጥፋ ለባለቤቱ ትሰጣለች፤ ጣቷን ስለምታምን አታነበውም።

በአራተኛው ቀን አቶ ዱጉማ ተመለሱ። ከእንጦጦ ጥግ፣ ከጉለሌ እጽዋት ማዕከል ወዲህ የሚኖሩ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ቤታቸው ካርታ በየጊዜው የምትጽፍላቸው እሷ ነች። ወረቀታቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ ሳይቆጡ ቆሙ።

«የክፍለ ከተማው መስኮት መለሰኝ። የቤት ቁጥሬ 383 ነው፤ እዚህ 333 ብለሽዋል። ስሜም ላይ ያባቴ ስም የለም አለኝ።»

«እኔ ነኝ እንዲህ የጻፍኩት?»

«ልጅቷ የለችም እንዴ? እሷ እኮ ሁሌም ከማተሟ በፊት ታነብልኝ ነበር። ቁጥሩን ካሮጌው ካርታዬ ላይ እያስተያየች። እትዬ እንዳይሰሙ፣ ቀስ ብዬ ነው የማነብልዎ ትለኝ ነበር።»

ደሳለች ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌውን ላለማስጠበቅ ስህተቱን ልታርም የቀረበችው ማተሚያው ካለበት ከሮሐ ማሽን ነበር፤ ከሄደች ወዲህ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ጽሑፉን ከፈተችው።

ፊደሉ ጥቁር ነው። ገጹ ነጭ ነው። በፊደሉ ቀኝ ጥላ የለም፣ የሚንቀጠቀጥ መስመር የለም፣ ቀለበት የለም። 333 ብላ የጻፈችው፣ የራሷ ስህተት፣ ጥርት ብሎ ፊቷ ላይ ተቀምጧል። መነጽሯን አወለቀች፣ አደረገች፤ ደግማ አየች። ጎንበስ ብላ የስክሪኑን ኋላ ብታይ የተሰካበት ያ ጠፍጣፋው፣ ብሎን የሌለው ነው።

«አባባ፣ ዓይኔ ደህና ነው» አለች።

አቶ ዱጉማ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም «ተመስገን በይ» አሏት።

የእሳቸውን አስተካክላ ከሸኘቻቸው በኋላ በሩን ገርበብ አደረገችው። በራሷ ማሽን ያለውን፣ እጇ የጻፈውን፣ በፍላሽ አምጥታ ሮሐ ካተመችው ጎን ለጎን ከፈተችው። ከመስከረም ጀምሮ ያለውን ነው። የጎደለ የአባት ስም ሮሐ ሞልታዋለች። ሻጭና ገዢ የተቀያየሩበት ውል አለ፤ ሮሐ መልሳ አቃንታዋለች። ሁለቴ የተጻፈ መስመር፣ የተሳሳተ ቀን፣ የተዘለለ አንቀጽ አለ። ለሴቶች ኅብረቱ የጻፈችው መጥሪያ ላይ የመዝሙሩን ቁጥር ተሳስታ ነበር፤ ያቺ የማርያም ልጅ ከየት እንዳመሳከረችው እንጃ፣ እሱንም አስተካክላለች። አንድም ወረቀት አላለፋትም። ደሳለች ግማሹን ሳትጨርስ እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ወረደ። ዓይኔ ተረፈ ብላ አለቀሰች፤ ምን አደረግኋት ብላም አለቀሰች፤ የቱ እንደቀደመ ራሷም አታውቅም።

ከዚያ መንገዱን ተሻግራ አሽረፍን ጠራችው። ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። ቀዩን ማኅተም አየና ወደ እሷ ዞር አለ። «ልስበረው?»

«ስበረው።»

ብሎኖቹን ፈትቶ ኬብሉን ሲስበው እንደ ተጣበቀ ቆዳ እየተላቀቀ ወጣ። ወደ በሩ ብርሃን ይዞት ሄደና አፉን አሳያት። ከውስጥ ካሉት ቀጫጭን እግሮች ሦስት አራቱ በደረቀ ቀይ ቀለም ተለብጠዋል።

«ይሄ ነው የደበዘዘብዎት። ግን ወላሂ እትዬ፣ ማን ነው እዚህ ውስጥ ቀለም ያፈሰሰው?»

ደሳለች ኬብሉን ተቀብላ አየችው። ከጳጉሜ ጀምሮ ሰው እንዳይነካው ስትጠብቀው የነበረው ነገር በእሷው እጅ ነበር የተበላሸው። «ያንን ብሎን የሌለውን አምጣ» አለችው። ሰካላት። ፊደሎቿ ጥላቸውን ጥለው ቆሙ።

በዚያው ዕለት ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣች። የሮሐ እናት በረንዳ ላይ ለነጠላ ጥለት ይሰፋሉ፤ ሮሐ አጠገባቸው ክር ታጠነጥናለች። ደሳለችን ስታይ ድንግጥ ብላ ተነሣች። ደሳለች መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ነበራት። ልጅቷ ቀደመቻት።

«እትዬ፣ ዓይንዎስ?»

ንግግሩ ጠፋባት። «ደህና ነው» አለች። «ኬብሉ ነው። እኔው ነኝ ያበላሸሁት። ሁሉንም አየሁት ሮሐ፣ ያረምሽልኝን ሁሉ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሮሐ ክሩን በጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «ዓይንዎ እየጠፋ መስሎኝ ነበር። ስህተትዎን ብነግርዎ እሱን የነገርኩዎ ይመስለኛል። አልቻልኩም።»

ደሳለች ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላት። ሮሐ አየችው፣ ግን አልተቀበለችውም። ከሰኞ ጀምሮ ቁልቁል ወደ መርካቶ መንገድ ባለ አንድ ኮፒ ቤት ልትገባ ቃል ሰጥታለች፤ ሰውየው አምኖ ሌሎቹን ሥራ ፈላጊዎች መልሷል። «ቃሌን አላጥፍም እትዬ» አለች፤ ስትናገር ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር፤ ለዚህ ነው ደሳለችን ይበልጥ ያመማት። ደሳለች ቁልፉን እንደያዘች ወረደች። የበደለችውን ያህል ከፈለች ብዬ አልፈርድም፤ ከፍላለች ግን።

ሱቋን ዛሬ ብታዩ ጠረጴዛው ዞሯል። ደሳለች ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታ ነው የምትቀመጠው፤ ስክሪኗ በሩን ያያል። የመጣ ደንበኛ ጉዳዩን ከትከሻዋ በላይ እያየ ያስጽፋል፤ የሌላው ሰው ጉዳይ ከሆነ ትዘጋዋለች። የኮፒ ማሽኑ ቀይ ጠብታ እንዳለ ነው፤ ሰው ባንዴ አይለወጥም።

ሮሐ ጠዋት ጠዋት ወደ ታክሲ ስትወርድ በዚያ ታልፋለች። በሩ ላይ አፍታ ቆማ፣ ሳትገባ፣ ስክሪኑን በሩቁ ታነባለች።

«ሁለተኛው መስመር ላይ ቀኑን ይዩት እትዬ።»

ደሳለች ዞር ሳትል ቀኑን ታየዋለች። ተሳስታለች። ታርመዋለች። «ደህና ዋይ ልጄ» ስትላት ሮሐ መንገድ ጀምራለች።